የተፋቀው እጅ

መስከረም 28

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፣

አራት ዓመት ሙሉ በወረቀት ብቻ የማገኝሽ እህቴ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽን ያብዛልኝ፣ ጉልበትሽን ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ልጅሽም ደህና ናት። ቀሚስሽ ላይ ተጣብቃ አልላቀቅ ስትል ያወጣሽላት "ሙጫ" የሚለው ስም እስከ ዛሬ አለ፤ ትምህርት ቤቱም በዚሁ ነው የሚጠራት። ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። እንደ ልማዳችን ቀኝ እጇን ከደብዳቤው ግርጌ አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ አዙራበታለች። ካለፈው ጋር አስተያይተሽ ማደጓን ራስሽ ፍረጂ።

ስለ ሥራዬ ላውራሽ። ዘንድሮ የሥዕል ትምህርቱን ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ለብቻዬ ነው የያዝኩት። ሌላው መምህር ታጣቂዎቹ ከተማ የገቡ ዕለት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ጠፋ። አንደኛ ክፍሎች ጭቃ ይለውሳሉ። ሦስተኛና አራተኛ አሮጌ ጋዜጣ በዱቄት ውሃ እየነከሩ ጎድጓዳ ሳህን ይሠራሉ። ስድስተኛዎቹ በየፊታቸው ልክ ጭንብል ያወጣሉ፤ ስምንተኛዎቹ ደግሞ በግቢው ረጅም ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ይሥላሉ። ትንንሾቹ ስማቸውን መጻፍ ስለማይችሉ አንድ ደንብ አወጣሁ። ሥራውን የጨረሰ ሁሉ መዳፉን ቀለም ነክሮ ሥራው ጥግ ላይ ያትማል። ትልልቆቹም ቀኑባቸውና አሁን በእኛ ትምህርት ቤት በስሙ የሚፈርም ልጅ የለም። የበሩን መቃን ሳይቀር ፈርመውበታል።

ልመናዬ ሁለት ነው። ለጭንብሉ የሚሆን የጀሶ ፋሻ፣ የምትሠሪበት ሆስፒታል ጊዜው አልፏል ብሎ የሚጥለው ካለ። ሁለተኛው ቢጫ ቀለም ነው። አንደኛ ክፍሎች ለአንድ ፀሐይ ግማሽ ጣሳ እየደፉ ጨርሰውብኛል።

ስለ ታጣቂዎቹ ብዙ አታስቢ። አለቃቸው ቢጫ ቦት የሚያደርግ አጭር ሰውዬ ነው። ልጆቹ "ቢጫ ቦት" ብለውታል። እስካሁን እኛን አልነካም።

ታናሽሽ፣ መምህሩ


ጥቅምት 14

ለወንድሜ፣ ቀለም እንደ ውሃ ለሚጠጣው፣

እንዴት ከርመሃል? ግንባርህን አንድ ጊዜ፣ የልጄን ሁለት ጊዜ ሳምኩ። ክፉ አይንካችሁ። እኔ ከወገቤ በስተቀር ሙሉ ነኝ።

አርባ ጥቅል ፋሻ በካርቶን ልኬልሃለሁ። የጀሶ ክፍሉ ኃላፊ "ለምንሽ ነው?" ሲለኝ "ለወንድሜ ፊት" አልኩት፤ እውነት መስሎት አዘነልኝ። አሁን ስማኝ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከተህ እስከ አምስት ቁጠርና አውጣው፤ ቀስ ብለህ ጭመቀው እንጂ እንደ ካልሲ አትጠምዝዘው። ፊታቸውን ቫዝሊን ቀባ፣ ቅንድብ ላይ ደግሞ አብዛው። አለበለዚያ ቅንድቡን ይዞት ይሄዳል። አፍንጫቸውን እንዳትደፍን፤ የምነግረው ለአንተ ስለሆነ ነው። ሦስት ጣሳ ቢጫም አብሮ አለ።

እዚህ ያለው ሥራ እንደምታውቀው ነው። ትናንት የብረት መጭመቂያ እጁን የበላው ሰው መጣ። ከአንጓው በታች የትኛው ጣት እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። ሐኪሙ አጥንቱን ሲጎትት ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ሦስት ጊዜ ትከሻዬን ነከሰኝ፣ ሸሚዜ ተቀደደ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ የሙጫን እጆች አያለሁ። በመጨረሻው ሠላሳ ስምንት ሆነዋል፣ አልጋዬ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ተራ በተራ ለጥፌአቸዋለሁ። ሁልጊዜ ከትንሿ ጣቷ ትጀምራለች። መጨረሻ ላይ አንጓዋ ጋ ስትደርስ መስመሩን ሳትገጥመው ትተወዋለች፣ ቸኩላ። በችኮላ እኔን መሰለች።

"እስካሁን አልነካም" ያልከው ነገር አልተመቸኝም። እስካሁን ማለት ምን ማለት ነው? በሚቀጥለው ደብዳቤ አስረዳኝ።

እህትህ፣ የጀሶ ክፍሏ


ኅዳር 9

ለእታለም፣

የላክሽው ካርቶን ሳይነካ ደረሰ፤ ፈጣሪ ውለታሽን ይክፈልልኝ። ስልኩ ከተቆረጠ ወዲህ የሚያገናኘን ያ የጭነት መኪና ሾፌር ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? ፋሻውን ኬላ ላይ "የስብራት መድኃኒት ነው" ብሎ አሳለፈው፣ ቀለሙን ደግሞ ከወንበሩ ሥር አወጣልኝ።

ጭንብሉ ሰመረ። ሃያ ስድስት ነጭ ፊቶች መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ልጅ ቫዝሊን ሰስቶ ግማሽ ቅንድቡን ጭንብሉ ላይ ትቶ ተነሣ። እናቱ ልትገድለኝ መጥታ ጭንብሉን ስታየው በሳቅ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ግን አልሳቅንም።

ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ዳቦ ጋጋሪ ታስታውሽዋለሽ፣ ሙጫን ጥዋት ጥዋት ትኩስ ዳቦ የሚያስይዛትን። ባለፈው ማክሰኞ ዱቄት አልቆበት ሱቁን ዘጋ። ቢጫ ቦት "ለእኛ ነው የዘጋኸው" ብሎ ሰዎቹን ይዞ መጣ። በሸሚዙ አንገት ጎትተው መንገድ ላይ ጣሉት፤ ዳቦ ከምድጃ በሚያወጣበት ረጅም የእንጨት አካፋ ገረፉት። አካፋው ሲሰበር ቢጫ ቦት ራሱ በእግሩ ቀጠለ። ልጆች ለምሳ የሚወጡበት ሰዓት ነበር፣ መቶ የሚሆኑት አጥሩ ላይ ተደርድረው አዩ። እኔም አየሁ። ሰውዬው መጀመሪያ ይለምን ነበር። ቀጥሎ ወደ ልጆቹ ዞሮ "ግቡ፣ ልጆች፣ ወደ ውስጥ ግቡ" ይል ጀመር። ከዚያ ቦቱ አፉ ላይ አረፈና ዝም አለ፤ ዝም ካለም በኋላ መርገጡ አልቆመም። ልብሱ ላይ ያለው ዱቄት ከደሙ ጋር ሲቀላቀል ምን ዓይነት ቀለም እንደሚወጣው አሁን አውቃለሁ። ምነው ባላወቅሁ።

ስምንተኛ ክፍሎች ግድግዳው ላይ ሊሥሉ ያሰቡት ባቡር ነበር። በማግስቱ ማንም ብሩሽ አላነሣም። ቆመው ያዩኛል። "እንግዲያው ያያችሁትን ሣሉ" አልኳቸው። አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ሦስቱ ቀሩ። በረኛ የሚጫወተው ረጅሙ ልጅ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅና የእኛዋ ሙጫ። አራት ቀን ፈጀባቸው። ሰውዬው መሬት ላይ አለ፣ አካፋው አለ፣ የረጋጮቹ ፊት ግን አይታይም፤ ከወገብ በታች ብቻ ነው የሣሏቸው። ቦቱ ቢጫ ነው፣ አንቺ ከላክሽው። ጥጉ ላይ ሦስት እጅ በቀይ አትመዋል።

እታለም፣ አሥራ አራት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም። ኮራሁ፣ አልዋሽሽም። የሙጫን እጅ ከታች ታገኚዋለሽ፤ ጥፍሯ ሥር ያለው ቀይ በሳሙናም አልለቀቀም።

መምህሩ


ኅዳር 22

ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ ከቢጫ ቦት ቀድሞ ይድረስህ ብያለሁ፣ ሌላ ምርቃት ዛሬ የለኝም።

አብደሃል? ሰው የገደለን ሰው ጫማ በገዛ ቀለሙ ሥላችሁ፣ ሥሩ ላይ ደግሞ ፈርማችሁ ተቀመጣችሁ? ኮራሁ ትለኛለህ! አጠገብህ ብሆን በጆሮህ ጎትቼ ያንን ግድግዳ በምላስህ ነበር የማስልስህ። ቢጫውን የላክሁት ለፀሐይ ነው፣ ለፀሐይ ነው ያልከኝ።

አሁን የምልህን አድርግ። የልጄን እጅ ከዚያ ግድግዳ ላይ አጥፋልኝ። ደብዳቤው በደረሰህ ደቂቃ፣ ምሳህንም ሳትበላ። ሥዕሉን ብትተወው ብታነሣው አንተ ታውቃለህ፣ የሌላውንም አንተ ታውቃለህ። የልጄን ግን አጥፋ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

አጥፍቼአለሁ ብለህ ጻፍልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 18

ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እጅግ በጣም ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለብንም፣ ሐሳብ አይግባሽ። መልስ ያዘገየሁት በፈተና ምክንያት ነው። ያልሽኝን አድርጌአለሁ። ግድግዳው አሁን በኖራ ተለቅልቋል፣ ያ ነገር አልቋል።

ሙጫ ሰላም ብላሻለች። እጇ ከታች አለልሽ።

ስድስተኛ ክፍሎች ጭንብሉን ስለወደዱት ሁለተኛ ዙር ልንሠራ አስበናል፤ ሃያ ጥቅል ፋሻ ብትጨምሪልኝ። የሕመም ማስታገሻ ኪኒንም ብታገኚ መልካም ነበር። ራስ ምታት አስቸግሮኛል። በርከት ያለ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 29

ሰላምታ የለኝም።

የላክልኝን እጅ ከሠላሳ ዘጠኙ ጎን ለጥፌ ሁለት ቀን አየሁት። የሠላሳ ዘጠኙ መስመር አንጓዋ ጋ ክፍት ነው፣ የዚህ ተገጥሟል። ከአውራ ጣት ነው የተጀመረው፤ እርሳሱ መጀመሪያ የተጫነበት ነጥብ ይታያል። ያዞርከው አንተ ነህ። አውራ ጣቱ ደግሞ ከቦታው ሸሽቷል። አውራ ጣት እንዲህ ወደ ውጭ የሚወድቀው እጅ በጀርባው ሲተኛ ነው። የግራዋን ገልብጠህ ቀኝ አስመሰልክልኝ። ማንን ነው የምትሸውደው? እኔ በቀን ሠላሳ እጅ የምይዝ ሴት ነኝ!

ቀኝ እጇ የት ነው?

"ወድቃ ነው" እንዳትለኝ። የወደቀ ሰው አንጓው ላይ ነው የሚሰበረው። የተመታ ሌላ ነው፤ ስታየው ያስታውቃል። የትኛው አጥንት፣ በምን፣ መቼ፣ ሁሉንም ጻፍልኝ። ሃያ ጥቅሉንም ኪኒኑንም ልኬአለሁ፣ ለማን እንደሆነ ግን ትነግረኛለህ። ራስ ምታት ይላል ደግሞ። ራስህን ይንሣው።


ጥር 11

እታለም፣

ቀኝ እጇ አለ። አልተቆረጠም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና የቀረውን ተቀምጠሽ አንብቢ።

ታኅሣሥ 3 ቀን፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሾፌሩ የኅዳሩን ደብዳቤሽን በር ላይ ሰጠኝ። እያነበብኩት ሳለ ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጣ። "አንድ ሰው ስለ ሥዕሉ ነግሮታል፣ ቢጫ ቦት እየመጣ ነው፣ ሩብ ሰዓት አለን" አለኝ። ሽንት ቤቱ ጎን አንድ ባልዲ ሙሉ የተበጠበጠ ኖራ ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜ ብደፋው ሦስቱንም ይሸፍናቸው ነበር። ሁለት እርምጃ ነው፣ ባልዲውን አልፌው ነው የሄድኩት። በአእምሮዬ ያለው ያንቺ ቃል ብቻ ነበር፣ የልጄን አጥፋ የሚለው። ቢላዋ አወጣሁና የሙጫን እጅ መፋቅ ጀመርኩ።

እንዴት እንደፋቅሁት ልንገርሽ። ተጠንቅቄ ነው የፋቅሁት። የተማሪ ሥራ ማበላሸት አልችልም፣ እጄ አይሄድልኝም። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ትንሽ ጣት ከሙጫ አውራ ጣት ጋር ትነካካ ነበርና እሷን እንዳልቧጭር ትንፋሼን ይዤ ጣት በጣት፣ በልኩ አነሣሁት። ስጨርስ የሙጫ ቀይ ጠፍቶ ነበር፤ ሁለቱ ግን እንደተፈረሙ ቁጭ ብለዋል። ጊዜ ነበረኝ እታለም። አምስት ደቂቃ ተርፎኝ ነበር። ቢላዋዬን ጠርጌ ክፍል ገባሁ።

መጡ። ስድስት ነበሩ። ቢጫ ቦት የገዛ ጫማውን ግድግዳው ላይ ቆሞ አየ፣ ብዙ አየው። ሳቀ። "ማነው የሣለው?" አለ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ግቢ ውስጥ ተሰልፎ አንድ ሰው አልተነፈሰም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ "እነዚህ እጆች ምንድን ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። ከአንደኛ ክፍል ሰልፍ አንዷ ትንሽ እጇን አወጣች፣ እኔ ክፍል እንዳስተማርኳት። "ፊርማ ነው! ሁላችንም በእጃችን ነው የምንፈርመው!" አለችው። እየተቅለሰለሰች፣ ጎበዝ እንዲላት።

"ጎበዝ" አላት።

ስምንተኛ ክፍሎችን አሰለፋቸው። ሠላሳ አንድ ናቸው። እያንዳንዱን በአንገቱ እየያዙ መዳፉን ግድግዳው ላይ እየለጠፉ ለኩ። የረጅሙ ወዲያው ተገኘ፣ እንደሱ ያለ እጅ ሌላ የለም። የልብስ ሰፊዋ ልጅም ተገኘች። ሙጫን ለኳት፣ ከሁለቱ ጋር አልገጠመችምና ገፍትረው አስቀመጧት። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ። እግዜር ይቅር አይበለኝ፣ ተመስገን ነው ያልኩት።

ትንንሾቹ ጭቃ የሚለውሱበትን ጠረጴዛ አስወጡ። ረጅሙን ሁለት ሰው ያዘው፣ አንዱ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ ቢጫ ቦት መሣሪያ ተቀብሎ በሰደፉ መታው። አራት ጊዜ። ድምፁን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኔ አላውቀውም ነበር። ልጁ መጀመሪያ ጮኸ፣ በሦስተኛው ሸንቶ ወደቀ። የልብስ ሰፊዋን ልጅ ሲያመጧት "ቀኜን ተዉልኝ፣ በመኪና የምሰፋበት ነው፣ ግራዬን ምቱ" ብላ ለመነቻቸው። ቀኟን መቷት።

ጨርሰው ሊሄዱ ነበር። ሙጫ ተነሣች። "ሦስት ነን። የተፋቀው የኔ ነው" አለች።

እኔ ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። "ውሸቷን ነው! ታማለች፣ አእምሮዋ ልክ አይደለም!" ብዬ ጮኽኩ። ሙጫ መልስ አልሰጠችኝም። ሄዳ መዳፏን የፋቅሁት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ተጠንቅቄ ፍቄው የለ፣ ጣት በጣት፣ በልኩ? ልክክ አለ።

"ማነው የፋቀው?" ሲል ቢጫ ቦት ጠየቀ። እኔ ዝም አልኩ። እሷ አየችኝ፤ እሷም ዝም አለች። እጇን እንደ ሁለቱ መታው፤ ለዝምታዋ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨመረባት። ከትንሿና ከቀለበት ጣቷ ግርጌ ያሉት የመዳፍ አጥንቶች፣ የመሐል ጣቷም አንጓ። አልጮኸችም። ከንፈሯን በጥሳ ደሙ ደረቷ ላይ ወረደ። ከሄዱ በኋላ ግድግዳውን ኖራ የቀቡት የራሳቸው ሰዎች ናቸው። በዚያው ባልዲ።

የጤና ጣቢያው ነርስ ከሸሸች ቆይታለች። ከጭንብሉ የተረፈ አሥራ አንድ ጥቅል ነበረኝ። የማውቀው ጭንብል መሥራት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቫዝሊን ቀብቼ ዙሪያውን ግጥም አድርጌ ጠመጠምኩላቸው። በማግስቱ የረጅሙ ጣቶች ጠቁረው ተነፉ፤ ልጁ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጭ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እናት መጥታ በትልቁ መቀሷ የሦስቱንም ጀሶ ሰነጠቀችው። ስትጨርስ "ሁለቱ ቀርተው አንዱ ብቻ ለምን ተፋቀ?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ሙጫ ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ አትጠራኝም፣ አጎቴም አትለኝም። እጇን ገልብጠን እንድንሥል ያለችው ግን እሷ ናት፤ አንቺ እንዳትሰሚ።

እኔ


ጥር 22

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ነው የከፈትኩት። አንብቤ ስጨርስ የጀሶ መጋዙን ግድግዳ ላይ ወርውሬ ሰበርኩት። ከደመወዜ ይቆርጡታል፣ ይቁረጡት።

ስድብ አዘጋጅቼልህ ነበር። ከዚያ የኅዳሩን ደብዳቤዬን አስታወስኩ። "የሌላውንም አንተ ታውቃለህ" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያንን ባልዲ ያለፍከው ከእኔ ጋር ነው። ልጄ ግን ከሁለታችን ጋር አላለፈችም። ከማን እንደወጣች እንጃ።

አሁን አልቅሰን አንጨርስም፤ እጆቹ እየደረቁ ነው። የደረቀ እጅ ደግሞ ይጨመደዳል፣ ጨርሶ አይዘረጋም። የተሰነጠቀውን ጀሶ አውልቀው። ጥዋትና ማታ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይንከሩ። ከዚያ የአንደኛ ክፍሎችን ጭቃ ስጣቸው። ለስላሳውን፣ ብዙ ውሃ ያለውን። ይጭመቁት፣ ይለውሱት፣ በቀን አራት ጊዜ። ያለቅሳሉ፤ አልቅሰው ይቀጥሉ። ከትንንሾቹ ጋር አስቀምጣቸው፣ ትንሽ ልጅ አጠገብ ሰው ማልቀስ ያፍራል። መጀመሪያ ረጅሙን፣ ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋን ልጅ፣ የኔን መጨረሻ። በዚህ ቅደም ተከተል ነው፣ ሰምተሃል?

ወደ ፊት ሰው ማሰር ካለብህ፣ መጀመሪያ ጥጥ፣ ወፍራም አድርገህ። ከዚያ ጀሶው በአንድ በኩል ብቻ እንጂ ዙሪያውን አይዘጋም፤ እጅ ያብጣል፣ ጭንብል አያብጥም። ጥፍሩን ጫን ብለህ ስትለቀው ቀይ ካልተመለሰ ፍታው።

የቀረ አንድ ነገር አለ። ልብስ ሰፊዋ የጠየቀችህን መልስላት። የእኔንም ቃል ጨምረህ ንገራት፣ የሙጫ እናት ናት ያዘዘችኝ በላት። ሳትነግራት ሌላ ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ፣ አልከፍተውም።

እህትህ


የካቲት 16

ለእታለም፣

እጆችሽ ይባረኩ፤ የላክሽው ሁሉ ደርሶኛል። ደብዳቤ የምጽፈው ለልብስ ሰፊዋ ነግሬአት ነው።

የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያንቺንም የኔንም ቃል፣ ባልዲውንም፣ የልጇን ትንሽ ጣት እንዴት እንደተጠነቀቅሁላትም ነገርኳት። እስክጨርስ ፔዳሉን አላቆመችም። ከዚያ ተነሥታ የከሰል ካውያዋን አነሣችና ጆሮዬ ላይ መታችኝ። ወደቅሁ። ደጋግማ ጎኔን ረገጠችኝ። ማንንም አልጠራሁም። ሲደክማት ቁራጭ ጨርቅ ወርውራ "ጥረገው፣ ወለሌን አበላሸኸው" አለችኝ። ጆሮዬ አሁንም በደንብ አይሰማም። በሩ ላይ ስደርስ "ልጅቷን አምጣት፣ አንተ ጋ አትደር" አለች። ሙጫ ከዚያን ቀን ጀምሮ እነሱ ቤት ናት። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ማታ ማታ በአንድ ሳፋ እጃቸውን ይነክራሉ።

ጭቃው ሠርቷል። ረጅሙ ብርጭቆ ይይዛል፣ ኳስ ግን አይይዝም። የልብስ ሰፊዋ ልጅ መርፌ መጨበጥ ጀምራለች፣ ክር ማስገባት አቅቷታል። ሦስቱም ከአንደኛ ክፍል ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲለውሱ ያቺ "ፊርማ ነው" ያለችው ትንሽ የረጅሙን ጭቃ እየቀማች "ቲቸር፣ ይሄ ሰነፍ ነው" ትላለች። ያደረገችውን አታውቅም። አልነገርናትም፣ ማንም እንዳይነግራት ሦስቱ ተስማምተዋል።

ትናንት ቅዳሜ ጠዋት ዳይሬክተሩን ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹ ቤታቸው እንዲቆዩ ለመንኩት። ለምን አላለኝም። ከዚያ ብሩሽና መሰላል ይዤ ግድግዳው ሥር ሄድኩ። አሥራ አራት ዓመት ልጆቹን ሣሉ እያልኩ እኔ አንድ ግድግዳ ሥዬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላ ቆሜ የምኮራ ነኝ። ኖራው ላይ ዳቦ ጋጋሪውን ሣልኩት። የጭቃውን ጠረጴዛ ሣልኩ፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት እጅ፣ ከላይ ሰደፍ። ከቢጫው ጣሳ ሥር የቀረው ለሁለት ቦት በቃ። ፊቱንም ሣልኩት፣ ልጆቹ የተዉትን። እስከ ከሰዓት ፈጀብኝ።

ልወርድ ስል ሙጫ ከኋላዬ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላውቅም። ብዙ አየችው። የቀዩን ሳህን በግራዋ አንሥታ አቀረበችልኝ። "አጎቴ፣ አንተም ፈርም" አለችኝ።

አጎቴ ነው ያለችኝ፣ ሰማሽ?

ፈረምኩ። ቀኝ እጄን እስከ አንጓዬ ነክሬ ጥጉ ላይ አተምኩት። ሌላ የታተመ እጅ እዚያ ግድግዳ ላይ የለም። እሷም ልታትም ፈልጋ ነበር፣ ይህን ግን እምቢ አልኳት። ይልቅ ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ላይ ፈርሚ አልኳት። የምታይው እጅ ቀኟ ነው። በግራዋ ነው ያዞረችው፣ ስለዚህ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ጣቶች አልተዘረጉም፣ የሚዘረጉም አይመስለኝም። ከትንሿ ጣት ጀምራለች። አንጓዋ ጋ ሳትገጥመው ትታዋለች።

ሾፌሩ ሊነሣ ነውና ላሳጥር። ዛሬ እሑድ ነው። ነገ ቢጫ ቦት በዚያ መንገድ ያልፋል፣ ሰኞ ሰኞ ያልፋል፤ ግድግዳው እንዲታየው የግቢውን በር ከፍቼ እጠብቀዋለሁ። ቢለካ የሚገጥመው አንድ እጅ ብቻ ነው፣ ፍለጋም አያደክመውም።

የፋሻ ጥቅል ብትልኪልኝ። ጠባቡን ሳይሆን ሰፊውን፣ ለትልቅ ሰው የሚሆነውን። እንዴት እንደሚታሰር ለልብስ ሰፊዋ ያንቺን ደብዳቤ አንብቤላታለሁ፣ ገብቷታል። ጥጡን አትርሺ።

ታናሽሽ፣ መምህሩ